የተከራዬ ድሮንና የጠፋው ትሪዬ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ ካለው ቤቴ አንዱን ክፍል የተከራየኝ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ድሮን የሚሉትን ባለ አራት ሞተር በራሪ በረንዳዬ ላይ ይሠራ ነበር። ሽቦውን በጋለ ካውያ ሲበይድ ተጠጋሁ።

«እማማ፣ ራቅ ይበሉ፤ ያቃጥልዎታል» አለኝ።

«አንተ ሳትወለድ ካውያ ይዣለሁ» አልኩት። ሟቹ ባለቤቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሲበይድ ሽቦውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ያ ጭስ ሲሸተኝ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

ድሮኑ ሲሞከር እንደታረደ ዶሮ ግቢው ውስጥ ተንከባለለ። «አንዱ ሞተር በተቃራኒው ይዞራል፤ ሁለቱን ሽቦ አቀያይራቸው» አልኩት። እያጉረመረመ አቀያየረ፤ ድሮኑም ተነሣ።

ጎረቤቱ ሁሉ ለማየት ወጣ። አልማዝም ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አሰገገች። ባሌ ከቴፒ የገዛልኝ ትልቅ ትሪ ከጠፋ ወዲህ አላናግራትም። አጥቤ አጥሩ ላይ ከሰቀልኩበት የወሰደችው እሷ ናት ብዬ በእድር ፊት ሌባ ብያታለሁ። አልቅሳ ምላለች፤ አላመንኳትም።

አስተማሪው ድሮኑ የሚያየውን በስልኩ አሳየኝ። ቡናዬ ታየ፣ እንሰቱ ታየ፣ ከዚያ ጣራዬ። ከመሬት በማይታየው በጓሮ በኩል፣ ከአንቴናው እንጨት ጋር በሽቦ የታሰረ ክብ ነገር ዝጎ ቆሟል። አስተሳሰሩ የባሌ ነው። ትሪው በጠፋ ሰሞን ቴሌቪዥናችን ድንገት ጥርት ብሎ ሲታይ «እጅህ ይባረክ» ብዬው ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፋ።

«ምን ይታያል?» አለች አልማዝ፣ ለማን እንደሆነ ሳትለይ።

ስልኩን በአጥሩ ላይ አቀበልኳት።