መሪው በቀኝ የሆነው አውቶቡስ

ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሾፌር ናት። ቀይ መብራት ገና ከሩቅ ሲታያት እግሯ ወደ ፍሬኑ ስለሚሮጥ ተሳፋሪዎቿ «እትዬ ፍሬን» የሚል ስም አወጡላት። እሷም አልተቀየመችም። «እኔ እኮ የምጭነው ሰው ነው፤ ድንች አይደለም» ትላቸው ነበር።

ጡረታ ስትወጣ ግን ቤት መቀመጥ አቃታት። ባሏ ጸጉር አስተካካይ ነው። እሱ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ እሷ መስኮት ላይ ተደግፋ የሚያልፉትን አውቶቡሶች መውቀስ ትጀምራለች። «ኧረ የማርሽ አገባቡን እየው! ብረት እያኘከ እኮ ነው!» ባልየው ሰንብቶ ሰንብቶ ምርር አለው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ሥራ ፈልጊ፣ ወይ ይሄን መስኮት አስደፍነዋለሁ» አላት።

ሥራው የተገኘው እዚያው ጸጉር ቤት ነው። የሰፈሩ ፋርማሲስት ባሕር ማዶ ያሉ በጎ አድራጊዎች ለገጠር ትምህርት ቤቶች የሚልኩትን ዕቃ ተቀብሎ የሚያደርስ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ይመራል። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲስተካከል፣ መጋዘን ውስጥ መጽሐፍ የሚለይ ሰው ጠፋ ብሎ አማረረ። ባልየው መቀሱን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ «እኔ ቤት አንዲት አለችልህ። ከፈለግህ ዛሬውኑ ውሰዳት» አለው።

እትዬ ፍሬን በመጽሐፍ ልየታ አልተሳካላትም። የሒሳቡን ከተረቱ ትቀላቅላለች፤ ሥዕሉ ያማረ መጽሐፍ ካገኘች ደግሞ ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብላ ታነባለች። ቢሆንም ሳቋ መጋዘኑን ስለሚያሞቀው ማንም እንድትሄድ አልፈለገም።

በዚህ መሃል ወዳጆቻቸው ከባሕር ማዶ አንድ ጥያቄ ላኩ፤ ከሁሉም ርቆ ያለው ትምህርት ቤት በጣም የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ፋርማሲስቱ ተራራ ላይ ላለችው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ስልክ ደወለ። ርዕሰ መምህሯ ሳታመነታ መለሰችለት።

«መጽሐፉ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። የሚያነቡት ልጆች ናቸው ያልደረሱልን። ከሥር ካሉት መንደሮች ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው እስኪመጡ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልቃል። የሚደርሱትም ደብተራቸው ላይ ተደፍተው እንቅልፍ ነው። ልጆቹን አምጡልኝ።»

ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ኬክ ሸጡ፣ የሩጫ ውድድር አዘጋጁ፣ ከዚያም አንድ ትምህርት ቤት የተገላገለውን አሮጌ አውቶቡስ ገዝተው በመርከብ ላኩት። አውቶቡሱ መጋዘኑ ግቢ የገባ ቀን በጎ ፈቃደኞቹ እልል እያሉ ወጡ። የፋርማሲስቱ ፊት ግን በሩን ሲከፍት ዐመድ መሰለ። መሪው በቀኝ በኩል ነው። እነዚያ ሰዎች የሚነዱት በመንገዱ ግራ ስለሆነ፣ የመሳፈሪያው በርም በግራ ነው።

ያነጋገሯቸው ሾፌሮች ሁሉ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው «በሩ እኮ የሚከፈተው ወደ አስፋልቱ መሃል ነው። ልጆቹን መኪና ፊት ልታወርዷቸው ነው?» አለ። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱም በሩ ካልዞረ ታርጋ እንደማይሰጥ አስታወቀ።

ፋርማሲስቱ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ ምን ብዬ ልንገራቸው? ስንት ለፍተውበት!»

 እትዬ ፍሬን በአጠገቡ አልፋ ወጣችና የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መሪውን በሁለት እጇ ያዘችው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ መሪ ነክታ አታውቅም።

«ቁልፉን አቀብለኝ፣ ልጄ» አለችው።

የሰፈሩ ኳስ ሜዳ መለማመጃ ሆነ። ማርሹ በግራ እጅ ስለሆነ የለመደ ቀኝ እጇን ትሰድና የአውቶቡሱን ግድግዳ ትመታለች። የሰፈሩ ልጆች በተሳሳተች ቁጥር ያጨበጭባሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ኋላ ስትሄድ የጎሉን ብረት ገጭታ አጋደመችው። ያን ጊዜ ጭብጨባው ቀለጠ። እሷ ግን ወርዳ የወደቀውን ብረት እያየች «ሥራዬን ረሳሁት ማለት ነው?» ብላ ራሷን ጠየቀች። የዚያን ዕለት እራቷን አልበላችም።

ጎሉን ሊበይድ የመጣው ሰውዬ የሰፈር ኳስ ነፍሱ ስለሆነ ተቆጥቶ ነበር የደረሰው። ሥራውን ሲጨርስ ግን አውቶቡሱን ዞር ዞር እያለ መታ መታ አደረገው።

«እትዬ፣ ይሄ ታዲያ ምኑ ነው የቸገራችሁ? ከእርስዎ ወንበር ኋላ በቀኝ በኩል በር እቆርጥለታለሁ። የግራውን እዘጋዋለሁ። ከላይ መስታወት አስርልዎና የሚወጣ የሚወርደውን ያያሉ።»

«ትችላለህ?»

«ጎል አስተካክዬ በር ያቅተኛል?»

በሩን ሠርቶ፣ ቢጫ ቀለም ቀብቶ አስረከባቸው። ታርጋውም ተሰጠ። አንድ ጣጣ ቀረ፤ ሾፌሯ በቀኝ ተቀምጣ በቀኝ መንገድ ስትነዳ ከፊቷ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ብትፈልግ ከማዶ የሚመጣው አይታያትም። በግራ በኩል ተቀምጦ የሚያይላት ሰው ያስፈልጋል። ሁሉም ወደ ባልየው ዞሩ።

«እኔ? እኔ እኮ ብስክሌት እንኳን አልነዳሁም!»

«መንዳቱን ተወው። ማየት ትችል የለ?» አለችው።

ሱቁን ዘግቶ መቀሱንና ማበጠሪያውን በቦርሳ ይዞ ተከተላት። መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ሄዱ። «እለፊ!» ይላታል፤ ልትወጣ ስትል «አይ፣ ቆይ! አትለፊ!» ይላል። «አንዱን ምረጥ እንጂ፣ ሰውዬ!» አስፋልቱ ሲያልቅ ግን ድምፁ ረግቶ እንደ ጥሩ ረዳት «ነጻ ነው፣ ሂጂ» ማለት ለምዶ ነበር።

ተራራው ሥር ሲደርሱ ርዕሰ መምህሯና የተማሪዎቹ ወላጆች አካፋና ዶማ ይዘው ጠበቋቸው። ከባድ መኪኖች የትምህርት ቤቱን ዕቃ እዚያው እያራገፉ ይመለሳሉ እንጂ ዳገቱን ደፍረው አያውቁም። መንገዱ ወደ ላይ ሲወጣ በግራ ተራራው፣ በቀኝ ገደሉ ነው። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ክፉ ኩርባ አለ። ወላጆቹ አውቶቡስ ይመጣል ሲባል ተራራውን ሸርፈው ኩርባውን አስፍተውታል። ቢሆንም የሰፋው ለአንድ አውቶቡስ ልክ ነው፤ ትርፍ የለውም።

«እትዬ፣ አይገደዱ» አለች ርዕሰ መምህሯ። «ሾፌሮቹ የሚመለሱት ወደው አይደለም። በግራ ተቀምጠው የቀኙ ጎማ የት እንደሚረግጥ አይታያቸውም።»

 እትዬ ፍሬን ሳቋ አመለጣት።

«እኔ የት ነው የምቀመጠው?» አለች።

ርዕሰ መምህሯ አውቶቡሱን አየች፣ መሪውን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ባልየው ውረድ ቢባልም እምቢ ብሎ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከእሱ መስኮት የሚታየው የተራራው ድንጋይ ብቻ ነው፤ ያንንም ላለማየት ዐይኑን ጨፈነ። እሷ በአንደኛ ማርሽ ተነሣች። ኩርባው ጋ ስትደርስ አንገቷን በመስኮት አወጣች። የፊት ጎማዋና የመንገዱ ጠርዝ ከሥሯ ቁልጭ ብለው ታዩአት። ከዚያ ወዲያ ባዶ አየር ነው። እግሯ በልማዱ ወደ ፍሬኑ ሊሄድ ሲል ተቆጣችው፤ ልል ጠጠር ላይ ብትቆም ወደ ኋላ መንሸራተት ይመጣል። ነዳጁን ሳትለቅ፣ ጎማውን በጠርዙ ልክ እያስረገጠች፣ መሪውን ቀስ እያለች ጠመዘዘችው። አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ሲወርድ ከታች ያሉት እናቶች ጮኹ። እሷ አልሰማችም። የአውቶቡሱ አፍንጫ ዞረ፣ ወገቡ ተከተለ፣ የኋላ ጎማውም ጠጠሩን እየበተነ ወጣ።

«አለፍን?» አለ ባልየው ዐይኑን ሳይገልጥ።

«አለፍን እንጂ! ግለጠው፣ ትምህርት ቤቱ ታየ!»

ክላክሱን ለቀቀችው። ከሥር የቀሩት ሰዎች አካፋቸውን እያውለበለቡ ዳገቱን ሮጠው ወጡ፤ እልልታው ከተራራው እየተመለሰ እንደገና ተሰማ። ርዕሰ መምህሯ እያለከለከች ደርሳ እትዬ ፍሬንን በመስኮቱ በኩል አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። እትዬ ፍሬን «በይ፣ በይ፣ ውኃ ስጪኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» እያለች እሷም አለቀሰች።

የሚተካት ሾፌር እስክታሰለጥን ድረስ እዚያው ለመቆየት ወሰነች። ሲወርዱ ገደሉ በግራ ስለሚሆን ባልየውም አብሯት ቀረ፤ አሁን ዐይኑን ገልጦ ጠርዙን የሚጠብቀው እሱ ነው። በትርፍ ጊዜው ከአንዱ ክፍል ጀርባ ወንበር አስቀምጦ የተማሪዎቹን ጸጉር ያስተካክላል።

የመጀመሪያው የሥራ ቀን ጠዋት መንደር ለመንደር እየዞረች ልጆቹን ሰበሰበች። ሕፃናቱ ወንበሩን ሁሉ እየቀያየሩ፣ በመስኮቱ ለፍየሎቻቸው እጅ እያውለበለቡ፣ ኩርባውን ሲያልፉ እንደ ኳስ ጎል እየጮኹ ወጡ። ግቢው ሲደርሱ ጭር ብሏል። የክፍሎቹ በሮች እንደተቆለፉ ናቸው። ከአስተማሪዎቹ አንዱ እንኳን ብቅ አላለም፤ የልጆቹን ማርፈድ ስለለመዱ ማን ቀድሞ ይመጣብናል ብለው ከእንቅልፋቸው ይነሡ?

ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ወደ እትዬ ፍሬን አዩ። እሷም ክላክሱን ደጋግማ ነፋችው። የመምህራኑ ማደሪያ በር ተበረገደና አንዱ አስተማሪ የሸሚዙን ቁልፍ እያዛነፈ፣ ሌላዋ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ርዕሰ መምህሯም የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደወተፈች ተከታትለው ሮጡ። ተማሪዎቹ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው፣ ለዘገዩት አስተማሪዎቻቸው እያጨበጨቡ አስገቧቸው።