በሰኔ ልክ የተቆረጠ ጠመንጃ

መንግሥት ከተለወጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ነው። ቦንጋ ላይ የታወቅሁ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ አሥራ አንድ። መሣሪያው ቀጭን ቀርከሃ፣ ጥይቱ እንጭጭ የቡና ፍሬ። አንዷን ፍሬ አፈሙዙ ላይ ትወትፋለህ፣ ሌላዋን ከኋላ አስገብተህ በእንጨት ትገፋለህ፤ መሃል የታፈነው አየር የፊተኛዋን ጧ! አድርጎ ይተፋታል። ፍሬዋ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጋ ካልዘጋች አየሩ ፊስ ብሎ ያመልጣል፤ ከወፈረች ደግሞ አትገባም። ሌላው ልጅ ቀርከሃውን ቆርጦ ነው ፍሬ የሚፈልገው። እኔ ፍሬዋን በኪሴ ይዤ እየለካሁ ነበር የምቆርጠው። በሰኔ የላይ ሰፈርን ልጆች በብይ እየለወጥኩ አስታጠቅኋቸው። የታች ሰፈሮችም አንዱን ሰርቀው በልኩ ቀዱት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የኛ የላይ ሰፈር አምበል ጠመንጃውን ጨብጦ መጣ።

«አንተ ሌባ! ጥይት አልገባም አለኝ እኮ!»

«አያያዙን አታውቅበትም። አምጣ።»

«ነገ ግጥሚያው ከታች ሰፈር ጋር መሆኑን ረሳኸው?»

እንዴት እረሳለሁ? ከግንድ ላይ ብዙ የሰርዲን ቆርቆሮ የጣለ ሰፈር ክረምቱን ሙሉ ሜዳውን ይይዛል፤ የተሸነፈው የጨርቅ ኳሱን ታቅፎ ዳር ይቆማል።

ሞከርኩት። እውነቱን ነው። ቡናው ዝናብ ጠግቦ ወፍሯል! ያንን ሁሉ ስለካ ፍሬ እንደሚያድግ አላሰብኩም፤ ያውም ቡና ሥር ተወልጄ።

ድንገት አባቴ ጥላ የበዛበት ቡና ወደኋላ ይቀራል እያለ ሲያማርር ትዝ አለኝ። በጎረቤታችን በእትዬ ጓሮ፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ቡና አለ። በረርኩ። ተንበርክኬ ስለቅም እትዬ ከኋላዬ ደረሱ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«የወደቀውን ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«እንጭጭ ቡና ምን ሊያደርግልህ?»

ጠመንጃውን አጉርሼ ሰጠኋቸው። ገፉት። ጧ! አውራ ዶሮው አጥር ላይ ወጣ።

«ወይኔ ዶሮዬን!» አሉና እየሳቁ እንደገና እንዳጎርሰው ሰጡኝ። ሦስት ተኩሰው ሲበቃቸው፣ «ልቀም። ከዛፉ ላይ አንዲት ብትነካ ግን ዒላማዬ አንተ ነህ» አሉኝ።

እያንዳንዷን ፍሬ በቀርከሃው አፍ ለካሁ። ጥብቅ ያለችውን ኪሴ፣ የቀረውን መሬት።

በማግስቱ የታች ሰፈሮች የሐምሌ ፍሬ ይዘው መጡ። ለማስገባት ልጣጩን በጥርሳቸው ፋቁት፤ ፊስ! ፊስ! የኛ ሲተኮስ ቆርቆሮው እየተንኳኳ ወረደ። አምበላችን፣ ሌባ ያለኝ እሱ ራሱ፣ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ሜዳውን ዞረ።

ክረምቱን ሙሉ ሜዳው የኛ ሆነ። እኔ ግን እምብዛም አልተጫወትኩበትም። ለነሐሴ ፍሬ የሚሆን ሰፋ ያለ ቀርከሃ ስቆርጥ ከረምኩ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ የታች ሰፈሩ አምበል ነበር።