ፋኖሱ ያልጠፋበት ጉድጓድ

ባለፈው ቅዳሜ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ማር የፈሰሰበት ፈጢራ ስንበላ፣ አጎቴ ጋሼ ሙላቱ ከወደ ማብሰያው ጋዝ ሸተተው። አስተናጋጇ ሮጣ የሲሊንደሩን ቁልፍ አጠበቀችው። እሱ ግን በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «ያ ቀባጣሪ ዕቃሽ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አለኝ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አለቀቀኝም።

ያኔ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያዬ የምሠራው መርዘኛ ጋዝ የሚለይ ዕቃ ነበር፤ ልቡ በዓይን ከማይታይ የብረት ኦክሳይድ ብናኝና ከካርቦን የተቀየጠ ስስ ቅብ ነው። የድሮዎቹ ካልጋሉ አይሠሩም፤ የእኔ በተራ የክፍል ሙቀት፣ በትንሽ ባትሪ ይሠራል። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረው፤ እርጥበት ያሳስተዋል፤ ጋዝ ሳይኖርም ያስጮኸዋል።

ጋሼ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ድሬ በሙቀት ስትነድ፣ መልካ ጀብዱ፣ መንደርተኛው የሚቀዳበት የአብዲ ጉድጓድ ውኃው ሸሸና ጋሼ ወርዶ እንዲያጠልቀው ተጠራ። ዕቃዬን ይዤ ተከተልኩት። አቧራው ጥርሳችን ላይ እየተንቀጫቀጨ ደረስን።

ጋሼ እንደ ልማዱ ፋኖስ በገመድ አወረደ። ፋኖሱ ቦግ እንዳለ ቆየ። «አየሽ? አየሩ ደህና ነው» አለ።

ቀጥዬ ዕቃዬን አወረድኩ። ጮኸ! አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ መለስኩት። አሁንም ጮኸ። የጉድጓዱ ግድግዳ ወዝ ነበረው። እርጥበቱ ይሆን? ጋዙ ይሆን? የገዛ ዕቃዬን ጠረጠርኩት። ፋኖሱንም አላመንኩትም፤ እሳት ሳያጠፋ ሰው የሚገድል ጋዝ እንዳለ አውቃለሁ።

«ወላሂ፣ ይሄ ዕቃ ውሸታም ነው!» አለ አብዲ።

ጋሼ ደግሞ በጎሪጥ አየኝ። «ለመሆኑ ይህን ያመጣሽው ለእኔ አስበሽ ነው ወይስ ለመመረቂያሽ?»

ወገቡ ላይ ሊያስር ገመዱን ሲያነሳ፣ ሄጄ ጥቅልሉ ላይ ዘጭ አልኩበት።

«ተነሺ አንቺ ልጅ!»

«አልነሳም፣ ጋሼ! ከፈለግህ ረግጠኸኝ ውረድ!»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አብዲ ተበሳጭቶ፣ «ካልጠለቀ ለምኔ!» ብሎ ጉድጓዱን በድንጋይ አስደፈነው። ሌላ ቦታ የተቆፈረው ውኃ ጨው ጨው አለ። ሰዉ ለወራት በእኔ አጉረመረመ፤ ጋሼም ከዚያ ወዲህ «ጣፋጩን ውኃ ያስቀረሽብን» ይለኛል።

ቅዳሜም ያንኑ ደገመው። «ምንም አልነበረበትም እኮ!» አለ፣ ማር የነካ ጣቱን እየላሰ።

ላይኖርበት ይችላል። እኔም እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። «ይሆናል፣ ጋሼ» ብዬ የቀረውን ፈጢራ ወደ እሱ ገፋሁለት። ትክክል ለመሆኔ የሚመሰክርልኝ ሬሳ የለም፤ ተመስገን።