የማዳሜ ውጤት

ጅዳን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የማዳሜ የእጅ ቅባት ሽታ ነው። አራት ዓመት ቤቷ ሠርቻለሁ። ቁጡ ነበረች፣ እኔም ምላሴን አልሰበስብም ነበር። ግን ትናፍቀኛለች።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ወሎ ሞታ ኖሮ፣ ቤተሰቦቼ «በሰው አገር ትደነግጣለች» ብለው ሰባት ወር ደበቁኝ። ስደውል «ተኝታለች» ይሉኛል፤ እኔ ሞኟ ከባላድ ገበያ ሻሽ እየገዛሁ አስቀምጥላታለሁ። አንዲት ያገሬ ልጅ ለማዳሜ ሹክ አለቻት። ማዳሜ አጠገቧ አስቀምጣ ነገረችኝ፣ አብራኝም አለቀሰች። «የሰው ሐዘን አይሰረቅም» አለች።

ከዚያ እሷ ታመመች። ካንሰሩ የጀመራት ከማህፀን ጎን ካለው እንቁልጢ ነው። ቀዶ ጥገናውም ኬሞውም አልበጅ ሲላት፣ ከዕጢዋ ቁራጭ ለሌላ ምርመራ ተላከ። ሕክምና የምትማረው ልጇ ኩሽና ገብታ አስረዳችኝ። ሰውነት ጠባቂ ህዋሶች አሉት፤ አንዳንድ ዕጢ ግን ላዩ ላይ የሚያታልል ምልክት እያሳየ ያልፋቸዋል።

«መካ በሚወስደው በባሕራ መንገድ ላይ ኬላውን በሰው ኢቃማ፣ በሌላ ሰው መኖሪያ ፈቃድ፣ እንደሚያልፈው ስደተኛ ነዋ!» አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች።

ያ ምልክት ከተገኘ ጠባቂዎቹን የሚያነቃ መድኃኒት ይሞከራል፤ ካልተገኘ መሥራቱ ያጠራጥራል። ውጤቱ መጣ። ምልክቱ የለም ማለት ይቻላል፣ ጠባቂዎቹም ዕጢው ውስጥ አልገቡም። ሐኪሙ የቀራት ጊዜ አጭር ነው አለ። ልጆቿ «ማማ እንዳትሰማ» ብለው ወላሂ አሰኙኝ።

በሳምንቱ መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር፣ እህቷ ቤት ወሰድናት። እግሯን ሳሻት፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ውጤቱ ምን አለ?» አለችኝ።

«ማማ፣ እንዳልናገር ምያለሁ።»

«ለደግ ወሬ ማንም አያስምልም» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ፈራሁም። ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፣ አብረንም አለቀስን። ስታበቃ ልጆቿን አስጠርታ፣ «ኸላስ፣ መደበቁ ይብቃ፤ ልሰናበታችሁ» አለቻቸው። ልጅቷ ለብዙ ቀን አኮረፈችኝ።

በሃይማኖታችን መሐላ ያፈረሰ አስር ሚስኪን ያበላል፤ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። ደሞዜ አገር ቤት ሄዶ ነበርና ጾምኩ። በሦስተኛው ቀን መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማዳሜ፣ ክንዷን ማንሳት እያቃታት፣ የማፍጠሪያዬን ተምር በእጇ አጎረሰችኝ። የቅባቷን ሽታ ከተምሩ ጋር ዋጥኩት።