የሠራሁትን ግድግዳ ያፈረስኩበት ቀን

የግንባታ ሥራ የጀመርኩት ሶዶ ውስጥ፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ በወታደር ጫማ ነው። ሌላ ጫማ አልነበረኝም። ሠራዊቱ ሲበተን ተማርኬ ነበር፤ ስለቀቅ ከሰሜን እስከ ወላይታ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መጣሁ። ግራ ጉልበቴ ውስጥ የገባው ፍንጣሪ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚሠራበት ግቢ በር ላይ ተሰለፍን። ፎርማኑ አቶ መኮንን ይባላሉ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን ወላይትኛን እንደ እኛው ነበር የሚናገሩት። ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ ጫማዬን አዩ።

"ምን ሥራ ታውቃለህ?"

"ምሽግ መቆፈር አውቃለሁ።"

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዱ "የተሸነፈ ጦር" ሲል ሰማሁት። አቶ መኮንን አልሳቁም። ዶማና አካፋ ሰጥተውኝ የመሠረቱን ጥግ አሳዩኝ። "እንግዲያው ቆፍር። ጎኑ ቀጥ ይበል፣ ወለሉ ይስተካከል" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ቱንቢ ጣሉ፣ ውሃ ልክ አስቀመጡ። "ነገ ድንጋይ ታቀብላለህ" ብለውኝ ወጡ። ሠራተኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ "አስር አለቃ" ይለኝ ጀመር። ማዕረጌ በእርግጥም አስር አለቃ ነበር፤ የሚጠሩኝ ግን ሊያላግጡብኝ ነው። 

በግንባታ ሥራም ማዕረግ አለ። ቀን ሠራተኛ ያቀብላል፣ ሲሚንቶና አሸዋ ያቦካል። ረዳት ግንበኛ ክር ይወጥራል፣ ብሎኬት በውሃ ያርሳል። ግንበኛ ቡኮውን ብሎኬት ላይ የሚያነጥፍበትን ማንኪያ ይይዛል። ፎርማኑ ሁሉንም ያዛል፣ መሃንዲሱ ፎርማኑን ያዛል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ መጥቶ አይቶ ይፈርማል። እኔ ማንኪያ እስክይዝ አራት ዓመት ፈጀብኝ፤ ፎርማን እስክሆን ደግሞ ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር።

ያስተማሩኝ አቶ መኮንን ናቸው። ከወንዝ የመጣ አሸዋ ሲራገፍ ትንሽ ዘግነው ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩና ውሃ ሞልተው ይንጡታል። ሲረጋ ደለሉ ከላይ ለብቻው ይቀመጣል። ከበዛ መኪናውን ከነጭነቱ ይመልሱታል። ሾፌሩ ይጮሃል፣ ባለቤቱ ይደውላል፣ እሳቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ብሎኬት ሲመጣም አንዱን አንስተው መሬት ላይ ይጥሉታል። ከተፈረካከሰ አይረከቡም።

አንድ ቀን ደለል አሸዋ ባመጣ ሾፌር ላይ ስጮህ አይተው "አስር አለቃ፣ አንተ ከእኔም ትብሳለህ፤ ምን ያናድድሃል?" ብለው ጠየቁኝ። የሳሙኤልን ነገር ነገርኳቸው።

ሳሙኤል ከሃላሌ የመጣ ልጅ ነው፤ በአንድ ቀን ተመልምለን በአንድ ጓድ ውስጥ ነበርን። የሚተኛበት ምሽግ ጣሪያ በሁለት ድርብ ግንድ መሸፈን ነበረበት። የተደረገው አንድ ድርብ ነው፣ እሱም ቀጫጭን። ኃላፊያችን "ተጠናቋል" ብሎ ሪፖርት አደረገ። ዝናብ ዘነበና አፈሩ ከበደ። አንድ ጥይት ባልተተኮሰበት ቀን ጣሪያው ተደረመሰበት። በእጃችን ጭረን አወጣነው። ወረቀቱ ላይ "በውጊያ ላይ" ተብሎ ተጻፈ።

ስመለስ ሃላሌ ሄጄ እናቱን አገኘኋቸው። "ጥይት ነው የመታው?" አሉኝ። "አዎ፣ እማማ" አልኳቸው። ምን ልበላቸው? ልጅዎን የገደለው የሰነፍ ሪፖርት ነው ልበላቸው?

አቶ መኮንን የያዙትን ሻይ መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ "ጣሪያውን ያየው ሰው አልነበረም?" አሉ።

"ሁላችንም አይተነዋል" አልኳቸው።

አቶ መኮንን ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከበዴሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የትምህርት ቤት ሥራ አገኘሁ። አራት ክፍል፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ፎርማን ሆኜ ገባሁ፤ ሰው ስላነሰን ማንኪያም ይዤ እሠራ ነበር። የሥራ ተቋራጩን ወክሎ የሚያዘን አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ጫማው አቧራ ሲነካው በሶፍት የሚጠርግ ሰው ነው።

ግድግዳ በጀመርንበት ቀን "አንድ ለአሥር አቡኩ" አለኝ። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አሥር እጅ አሸዋ ማለቱ ነው።

"ዲዛይኑ አንድ ለአራት ይላል" አልኩት።

"ዲዛይን ማንበብ የት ተማርክ? ጦር ሜዳ?"

አሸዋው ደለል ነው። ብሎኬቱ በጥፍር ይፋቃል። የኮለኑን፣ የምሰሶውን፣ ብረት የሚያስረው ሙያተኛ በየስንዝሩ ማሰር ሲገባው በየክንዱ እንዲያስር ታዟል። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አቤት ልል ሄድኩ። ባለሙያው ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል "መሃንዲስ ነዎት?" አለኝ።

"ግንበኛ ነኝ።"

"ሲኦሲ አለዎት?"

የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ማለቱ ነው። የለኝም አልኩት። "እንግዲህ በተቆጣጣሪው በኩል በጽሑፍ ያቅርቡ" ብሎ ሸኘኝ። ተቆጣጣሪው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ከመኪናው አልወረደም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን በመስኮት አቀበለው፣ መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመ፣ ሄደ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ዛሬም አልበረደልኝም።

ግን ተመልሼ ማንኪያዬን አነሳሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚህ ጉልበት ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል ብዬ ፈራሁ። አሥራ አንድ ቀን እያወቅኩ ገነባሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የወላጆች ኮሚቴ ሊያመሰግነን መጣ። ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው፣ ከአይብና ከዳጣ በርበሬ ጋር ይዘው መጡ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ማርታ በበዴሳ ገበያ እህል የምትነግድ ሴት ናት፤ ሦስት ልጆች እዚያው ትምህርት ቤት አሏት። ሥራ አስኪያጁ ስለ ጥራት ሲያወራ አዳመጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አስር አለቃ፣ የሠሩት እርስዎ ነዎት። ልጆቼን እዚህ ውስጥ ባስቀምጥ ደኅና ናቸው?"

ሥራ አስኪያጁ አየኝ። ተማሪዎቹ ዕረፍት ላይ ነበሩ፤ አሮጌው ክፍል እዚያው አጠገብ ስለሆነ ድምፃቸው ይሰማል። አፌን ከፍቼ "አዎ" ልል ነበር። የሳሙኤል እናት ፊት ድቅን አለብኝ።

"ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይበል" አልኩ። ከግድግዳው ማዶ ማንም አለመኖሩን ዞሬ አየሁ። ዲጂኖ አነሳሁና የግድግዳውን መሐል ሁለት ጊዜ መታሁ። ሦስተኛውን በትከሻዬ ገፋሁት። ከመስኮቱ እስከ በሩ ያለው በሙሉ ተንዶ ወደቀ።

አቧራው በረደ። ወይዘሮ ማርታ ጎንበስ ብላ አንድ ስባሪ አነሳች። በመዳፏ ጨመቀችው፣ ዱቄት ሆነ።

"የመንግሥት ንብረት ነው ያፈረስከው" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "መቆሙ ነበር ወንጀሉ።"

ፖሊስ ጠርቶ አስያዘኝ። ጣቢያ ስገባ ቀበቶዬን አስፈቱኝ። ለሀገሬ ተዋግቼ የተማረክሁ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተዋረድኩም። የፈረመው ሰው ቤቱ ምሳውን ይበላል፣ እኔ ሱሪዬን በእጄ ይዤ እቆማለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ ማርታ ወላጆቹን አስከትላ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ገባች። የግድግዳውን ስባሪ በእህል ጆንያ አስሸክማ ነበር። ሲኦሲ አለዎት ወይ ያለኝ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ አራገፈችው። በኋላ እንደነገሩኝ "እኛ መሃንዲስ አይደለንም፤ አንተ ተምረሃል፣ ይሄ ምንድን ነው? አንብብልን" አለችው። ከሰዓት በኋላ ተለቀቅሁ።

ፍትሕ ተገኘ ብላችሁ እንዳታስቡ። የተቋራጩ ውል ተቋረጠ፤ ብዙ ሳይቆይ በሌላ ወረዳ ሥራ መያዙን ሰማሁ። ተቆጣጣሪው ዝውውር አገኘ እንጂ አልተጠየቀም። ክፍሎቹን ሌላ ተቋራጭ ከመሠረቱ ጀምሮ ሠራቸው። እኔን ግን አልቀጠረኝም። "አፍራሹ አስር አለቃ" ይሉኛል አሉ። ከዚያ በኋላ ሶዶ ውስጥ ትልቅ ሥራ የሰጠኝ የለም፤ ጉልበቴ እስኪደክም በየገጠሩ የሰው ቤት ስሠራ ኖርኩ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ወጣት ግንበኞች ሲጠይቁኝ "አፈረስክ፣ ጀግና ነህ" ይሉኛል። እሱ አያኮራኝም። አቧራ ውስጥ ቆሜ ስመታው ንዴቴ የነበረው በሥራ አስኪያጁ ብቻ አልነበረም፤ በእኔም ላይ ነበር።

ቡኮው መጥፎ መሆኑን ባወቃችሁበት ቀን ማንኪያችሁን አስቀምጡ። እኔ አሥራ አንድ ቀን ዘግይቻለሁ።