እናትህ ደህና ናት

ወንድሜ ከጦር ሜዳ የሚልካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አጀማመራቸው አንድ ነበር። «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።» ሰሜን ላይ የሚሆነው በየቤቱ በሹክሹክታ ይወራል፤ የኔ ወንድም ግን ከናፍቆት በቀር ምንም የነካው ነገር የለም። የተጻፈበትን ቦታ እንኳን «ከግንባር» ብሎ ያልፈዋል። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የቤታችን ደብዳቤ አንባቢም ጸሐፊም እኔ ነኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አባቴ ማንበብ ይችላል፤ ነገር ግን ልብስ ሰፊ ነውና ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ የዋለ ዓይን ማታ አይታዘዘውም።

ወንድሜ ጎሚስታ ነበር። ናዝሬት ላይ፣ የአሰብ መኪናዎች በሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ ጎማ እየጠገነ ይውላል። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ጊዜ ቀበሌው መለመለው። ጊዜውን ሲጨርስ ይመለሳል ተባልን። ጊዜው አለቀ፤ ተጨመረበት እንጂ አልተመለሰም።

ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ እናቴ መልሱን ለማጻፍ አትቸገርም። «ጻፊ» ትለኛለች፤ «ይሄ ደንቆሮ ካልሲውን ያጥባል ወይ በይልኝ። ፊት ፊት አትበል በይው። ጀግና ነህ ሲሉህ አትስማ በይው፤ እዚህ እያለ አይጥ ሲያይ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ልጅ!»

«እማዬ፣ ይሄ አይጻፍም። ደብዳቤው ይከፈታል።»

«ይክፈቱት! እነሱስ እናት የላቸውም?»

እኔ ካልሲውንና አይጡን ጽፌ የቀረውን እተወዋለሁ። መጨረሻው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ጣል አደርግበታለሁ፤ ይህን ካየ የሚከፍተውም ሰው ደስ ይለዋል ብዬ። ወንድሜ ስድቡን ይወደው ነበር። «የእማዬን ስድብ ሳነብ ቤት የገባሁ ይመስለኛል» ብሎ ጻፈልን አንድ ጊዜ። ጓደኞቹም ለምደውት ኖሮ፣ ፖስታ ሲመጣ የራሳቸውን ሳይጠይቁ «የእማማ ስድብ ደረሰ ወይ?» ይሉታል አሉ።

እናቴን የገደላት ጉበቷ ነው። ሆዷ እያበጠ፣ ዓይኗ ቢጫ እየሆነ መጥቶ ከፋሲካ በኋላ አረፈች። ድንኳኑ ገና ሳይነሳ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ አባቴ አየኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ለወንድሜ ልጽፍለት።»

«መርዶ በወረቀት?» አለኝ። አልተቆጣም፤ ደንግጦ ነው።

አባቴ የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ነበር። ሹመት አይደለም፤ እድሩ ግን ለዚህ ነገር ከሱ ሌላ ሰው አያምንም። ሰው ዘመዱ የሞተበት እንደሆነ አባቴ መጀመሪያ የቅርብ ሰዎቹን ይሰበስባል። ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ገና ሳይነጋጋ በሩን ያንኳኳል። ከኋላው የሚደግፈው ጠንካራ ሰው ያስቆማል፤ ቢላና መጥረቢያ ካለ ቀደም ብሎ ያስነሳል። ከዚያ ራሱ ነው አፉን የሚከፍተው። ብዙ ሰው የእናት የአባቱን ሞት ከሱ አፍ ሰምቷል፤ አንድም ሰው ግን ቂም አልያዘበትም።

«እዚያ ምሽግ ውስጥ ማን ይይዘዋል?» አለኝ። «ጠመንጃ በእጁ ይዞ፣ ብቻውን፣ የእናቱን ሞት እንዲያነብ ትፈልጊያለሽ? ሲመጣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። አሁን እናትህ ደህና ናት፣ ትስምሃለች ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ዛሬ ሳስበው እናደዳለሁ እንጂ፣ ያን ቀን አባቴ ልክ መስሎኝ ነበር። ለቅሶ ቤት የተቀመጠውም ሰው ሁሉ ልክ ነው አለ። ቄሱም፣ ከወሎ የመጣው ሙስሊም ባለሱቅ ጎረቤታችንም፣ ደብረ ዘይት የምትኖረው የእናቴ እህትም «ልጁ ሜዳ ላይ እንዴት ይሰማል!» አሉ። ለልጁ ይነገረው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እንዲህ ነን እኛ፤ የምንወደውን ሰው ሳናስለቅሰው እናቆየዋለን።

ወራት አለፉ። እኔ «እማዬ ደህና ናት፣ ትስምሃለች» እያልኩ እጽፋለሁ፤ እሱ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነው። ከዚያ አንድ ቀን ያልጠበቅነው ደብዳቤ መጣ። «የፈቃድ ተራዬ እየደረሰ ነው» ይላል፤ «ባለፈው እንደሄዱት ልጆች በአውሮፕላን እስከ ደብረ ዘይት ያመጡን ይሆናል። እማዬ ግን ምነው ዝም አለች? ድሮ ሳትሰድበኝ አታድርም ነበር። አሟታል እንዴ? እውነቱን ጻፊልኝ።»

አባቴ ሁለቱንም ነገር በአንድ ቀን ውስጥ ጨረሰው። ጠዋት ደብረ ዘይት ሄዶ ከአክስቴ ጋር ተመካከረ። ልጁ ከአውሮፕላን እንደወረደ እሷ ቤት ያድራል፤ አባቴና የእድሩ ሽማግሌዎች ሌሊት ደርሰው ጎህ ሲቀድ ይነግሩታል፤ ከዚያ ሁላችንም ደግፈነው እያለቀስን ናዝሬት እንገባለን። አክስቴ ጥቁር ልብሷን ከሳጥን ሥር ደበቀች፤ ድንገት ሳይታሰብ ቢገባባት ለብሳው እንዳያያት። ማታ አባቴ ተመልሶ የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠና «ጻፊ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«እሷ እንደምትለው ነዋ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተ ደንቆሮ! እኔን ታማለች ብለህ ታስወራብኛለህ? የታመመውስ ጭንቅላትህ ነው። ቅማልህን ተሸክመህ እንዳትመጣ፤ በር ላይ ነው የማስቀርህ። ካልሲህ ከአሁኑ ናዝሬት ድረስ ይሸተኛል። አይጥ የሚፈራ ወታደር እኔ ወልጄ አላውቅም፤ ሆስፒታል ውስጥ ሳይለውጡብኝ አልቀሩም...»

ድምፁ ሳይቀር የሷን ሆነ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ ሲሰፋ እያንዳንዷን ቃል ይሰማት ኖሯል! እየሳቅኩ ጻፍኩ፤ እሱም ሳቀ። ስጨርስ ወደ ጓሮ ወጣ። ቆየብኝ፤ ወጥቼ ላየው ግን አልደፈርኩም።

ወንድሜ አልመጣም። አክስቴ አልጋ አንጥፋ ጠበቀችው። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ልጇን እየላከች ታስጠይቃለች። ሌላ ደብዳቤም አልደረሰንም። ጥቂት ቆይቶ እነወንድሜ ያሉበት ጦር በሙሉ ተደመሰሰ የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ ገባ፤ ሬዲዮው ግን ማርሽ ብቻ ነው የሚያሰማው። ዓመት ያህል ተንጠልጥለን ኖርን። በመጨረሻ አብሮት የነበረ አንድ ቁስለኛ አሰላ ገብቶ፣ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። አንድ ቀን ንጋት ላይ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ገና በሩን ሳይከፍት ገብቶታል። ውጭ የቆሙት ራሱ መርዶ አነጋገር ያስተማራቸው ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ ሌላ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ መንግሥቱ ወደቀ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ናዝሬት መሣሪያቸውን በጣሉ ወታደሮች ተሞላች። ባዶ እግራቸውን ሆነው በየደጁ ዳቦ ይለምናሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንደነዚህ ያለ አንድ ከሲታ ወጣት በረንዳችን ሥር ቆመ። እንጀራ ይዤለት ስወጣ፣ «አካም ጅርቱ አባባ» ብሎ አባቴን በኦሮምኛ ሰላም አለው። አባቴም በዚያው ቋንቋ መልሶ ተቀመጥ አለው።

«የሁሩታ ልጅ ነኝ፤ ከአሰላ ወዲህ» አለ ወጣቱ። «የልጅዎ የምሽግ ጓደኛ ነበርኩ።»

አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ። እኔም እንጀራውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«እኔ የተረፍኩበት ያ ፈቃድ የሱ ነበር አባባ። ያን ሰሞን ከቤት እናትህ በጣም ታማለች፣ ድረስ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። አዛዡ ተራህ አይደለም አለኝ። እንደዚያ ስቃጠል የእናቱ ደብዳቤ መጣለት። ጮክ ብሎ አነበበልን፤ ካልሲው ናዝሬት ድረስ የሚሸታቸው! ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። ከዚያ ወደኔ ዞረና፣ የኔ እናት እንዲህ የምትሳደብ ከሆነ ምንም አልሆነችም፤ ያንተ ይብሳል፣ አንተ ሂድ፣ እኔ በሚቀጥለው እሄዳለሁ አለኝ። ተራውን ሰጠኝ። እኔ እናቴን ሳስታምም ነው ያ ሁሉ የሆነው።»

«እናትህስ?» አለ አባቴ።

«ድናለች። አለች።»

ጠላሁት። በሕይወት መኖሩን ጠላሁበት፤ የእናቱን መዳንም ጭምር። የሁሩታ ሰዎች ታማለች፣ ድረስ ብለው ለልጃቸው እቅጩን ጻፉ። እኛ የቀበርናትን ደህና ናት አልን። እናትህ ሞታለች ቢባል ኖሮ ወንድሜ ያንን ተራ ለማን ይሰጥ ነበር? አባቴን አየሁት። እጁ በመኪናው መዘውር ላይ እንዳለ ነው።

«ያን ጊዜ በናዝሬት ሳልቆም አለፍኩ» አለ ወጣቱ። «በመመለሻዬ እገባለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በምን ዓይኔ ልያቸው? ሌላ ጦር ውስጥ መደቡኝ። አሁን የእናቱን እግር ሳልስም ቤቴ አልገባም ብዬ ነው። የታሉ?»

«አርፋለች ልጄ።»

ልጁ ተነስቶ ቆመ። «መቼ? የሱን ሰምተው ነው? በኔ ምክንያት ነው?»

አሁን ይነግረዋል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲነግረው ፈልጌ ነበር። እኛ የተሸከምነውን እሱም ትንሽ ይሸከም ብዬ።

«የለም» አለ አባቴ። «አንተ ፈቃድ ከመጣህ በኋላ ነው፤ በጉበቷ። የሱ መርዶ ገና አልመጣም ነበር። ልጄ በሕይወት አለ ብላ ነው ያረፈችው።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውሸቱ ጊዜው ብቻ ነበር።

«ተራውን እንደሰጠኝ ሰምተው ነበር? እጽፍላቸዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ ደርሷችሁ ይሆን?»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶን አያውቅም።

«ደርሶናል» አለ አባቴ።

«ምን አሉ?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ደንቆሮ! አለች። እኔ እዚህ ሊመጣ ነው ብዬ ቤት ሳጸዳ፣ እሱ ተራ ያድላል! ቅማሉን ላለማራገፍ ነው አለች።» ከጨርቁ ላይ ክር ቀነጠሰ። «ከዚያ ደግሞ፣ ግን ደግ አደረገ፣ የሰው እናት ናት አለች።»

ልጁ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አባቴ ጭንቅላቱን ዳበሰው። የወታደር ሸሚዙን አስወልቆ፣ ለደንበኛ የሰፋውን አዲስ ሸሚዝ አለበሰው፤ በዚያ ሰሞን መለዮ ለብሶ መንገድ መውጣት ጥሩ አልነበረም። መርቆ ሲያሰናብተው እኔ «መኪና ተራ ድረስ ልሸኘው» ብዬ ተነሳሁ። አባቴ አየት አደረገኝ እንጂ አልከለከለኝም።

ልነግረው ነበር የወጣሁት። እውነቱ ምላሴ ላይ ነው። ያቺን ደብዳቤ ያጻፋት ማን እንደሆነ፣ እናቴ ያኔ የት እንደነበረች፣ ሁሉንም። መንገዱን ግን እሱ ስለ ወንድሜ ሲያወራልኝ ጨረስነው፤ አይጥ ሲያይ ምሽግ ውስጥም እንደሚጮህ ነገረኝ። የአሰላው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሰው ይጠራል። ልጁ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ወደኔ ዞረ።

«እናታችሁ ሁልጊዜ እንዲህ ይሳደቡ ነበር?»

«ሁልጊዜ» አልኩት።

ቤት ስመለስ አባቴ ከተውኩበት አልተነሳም። ጨርቁ መርፌው ሥር እንዳለ ነው።

«ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

«ደግ አደረግሽ» አለኝ። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አውጥቶ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ በማይታወቅ ድምፅ፣ «ለልጄ ነበር መንገር የነበረብኝ» አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ያን ሁሉ ዓመት በልቤ ስከሰው ኖሬያለሁ። ስሰማው ግን፣ ምነው ሳይለው በቀረ አልኩ።