ቀስ ብለው የወረዱት ጡቦች

አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነበር። ደም ግፊት ጣለውና ቀኝ ጎኑ ሰነፈ። እግሩ ቶሎ ተመለሰ፤ እጁ ግን ብርጭቆ ላንሳ ሲል ጠረጴዛውን ይዳብስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግቢው ጥላ ሥር አንገረቡ ላይ ተጋድሞ መዋል ሆነ ሥራው። ከዚያ አልጋ ያስነሳው መድኃኒት አይደለም፤ ኮምፒዩተር ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እቤት ቁጭ ከማለት ብዬ አንድ ትራንዚት ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ገብቼ ነበር። ቢሮው አዲስ ኮምፒዩተር ሲያስገባ አሮጌውን ሰጡኝ። ውስጡ ሁለት ጌም ነበረበት። አንዱ የመኪና እሽቅድምድም፣ እሱ የእኔ ነው። ሌላው ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን እያዟዟሩ ቀዳዳ ሳይተዉ መደርደር ነው። አባቴ ይሄን ሁለተኛውን ቆሞ አየና፣

“ይሄማ የመርከብ ሆድ ነው!” አለ። “ጭነት እኮ ነው የሚደረድረው።”

በቀኝ እጄ ካልሆነ አልጫወትም ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጡቦቹ ይቀድሙታል፤ ይሳደባል፣ እንደገና ይጀምራል። ቀስ በቀስ ጣቶቹ መታዘዝ ያዙ፤ ሸሚዙን ራሱ መቆለፍ ቻለ።

ሐምሌ ላይ ማሽኑ ዘገየ። የአሰብን ሐምሌ ለማያውቅ ማስረዳት ልፋት ነው፤ የበር እጀታ በጨርቅ የሚያዝበት ወር ነው። መኪናዬ አስፋልቱ ላይ እንደ ደከመች አህያ ትጎተታለች። ደብዳቤ ስጽፍ ፊደሉ ከጣቴ ኋላ ነው የሚመጣው። ይሄ ማሽን ከሞተ አባቴ ተመልሶ አንገረቡ ላይ ነው፤ ሌላ ማሽን ደግሞ የሚሰጠኝ የለም።

ያልሞከርኩት የለም። በካቻቢቴ ፈታሁት፤ ጨው ያዘለውን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁለት። ሆዱ ይቅለለው ብዬ የእኔን መኪና ከውስጡ አጠፋሁ። ከቢሮ የቫይረስ ማጽጃ ዲስኬት ለምኜ አመጣሁ፤ ምንም አላገኘም። በመጨረሻ ቬንትሌተሩን ከእናቴ ፊት አንስቼ ወደ ማሽኑ ጀርባ አዞርኩት።

“ጥሩ ነው፣ እኔ ልሙት፣ ብረቱ ይንፈስበት” አለችኝ።

ያው ነው። ዘገምተኛ። እኔ በንዴት ጥፍሬን እበላለሁ፤ አባቴ ግን በየቀኑ ማሸነፍ ጀምሯል።

“ምን አስፈታሽ? የሚሠራ ነገር አይነካም!”

“አባዬ፣ ዘግይቷል እኮ።”

“እኔ ስፈጥን እሱ የዘገየ ይመስልሻል። አንቺ ታመሽ ስለማታውቂ አይገባሽም።”

እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ እጁ ተመለሰ ብላ አወራች። እኔም አመንኩ። ማን አላምንም ይላል? እሱ ደግሞ ሳያማክረን ወደ ወደብ መልእክት ላከ። ካቦው፣ ማለትም የክሬኖቹ አለቃ፣ ሥራውን የተማረው ከአባቴ ሥር ነው። “ቅዳሜ ብቅ በልና እጄን እይ” አለው።

ያን ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የአባቴ ጓደኛ እኛ ቤት ተቀምጧል፤ ከአዲስ አበባ አሰብ ተሳቢ የሚነዳ ሾፌር ነው። አባቴ ገላውን እየታጠበ ነበር።

“እሺ፣ ሞተሩ እንዴት ሆነ? ሙቀቱ ቀነሰለት?” አለኝ ሾፌሩ።

“የቱ ሞተር ጋሼ?”

“ይሄ ነዋ! ሐምሌ መግቢያ ላይ ስመጣ ጀርባው እንደ ምድጃ ይፋጃል። ፊቱን ባየው፣ ቱርቦ የሚል ቁልፍ። የእኔም መኪና ላይ ያው ተጽፏል። በዚህ ሙቀት፣ ቆሞ በሚሠራ ሞተር፣ ቱርቦ? ሊፈጁት ነው ብዬ አጠፋሁላችሁ።”

ምስጋና ይጠብቅ ነበር። እኔ ቁልፉን ተጭኜ የጡቦቹን ጌም ከፈትኩ። ወረዱ አይባልም፤ ዘነቡ። ጤነኛ እጄ አልደረሰባቸውም። ቁልፉ ለካ የማሽኑን ፍጥነት የሚቆጣጠር ነው፤ የድሮ ፍጥነታቸው ይሄ ነበር፤ አባቴ የሚሸነፈው በዚህ ነበር። እጁ አልዳነም ማለት ነው። ማሽኑ ነው ቆሞ የጠበቀው። ክሬን ቆሞ አይጠብቅም፤ ከመንጠቆው ሥር ደግሞ ሰው አለ።

ቁልፉን እንደነበረ መልሼ አጠፋሁት። አባቴ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲገባ ነገርኩት። “አባዬ፣ ጋሼ ሳያውቅ ማሽኑን አዘግይቶት ነው። እጅህ ገና ነው።”

“ይቺን አንድ እጄን ቀናሽባት?” አለ።



ካቦው ከሰዓት በኋላ መጣ። አባቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠና መደርደር ጀመረ። ጡቦቹ እየተንሳፈፉ ይመጣሉ፣ እሱ ያስቀምጣቸዋል፤ አንድ ቀዳዳ የለም።

“ጋሼ! ታመመ የተባለው ይሄ እጅ ነው?” አለ ካቦው። “ሰኞ ና በቃ። ሁለት መርከብ ቆሞብኛል፣ ሰው የለኝም። አጠገብህ ሆኜ ትሞክረዋለህ።”

አባቴ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። እጄን በትከሻው ላይ አሳልፌ ቁልፉን ተጫንኩት።

“ኧረ ይፈነዳል!” አለ ሾፌሩ።

ጡቦቹ ወረዱበት። የመጀመሪያውን ሳተ፣ ሁለተኛውን ሳተ፤ ከዚያ ጣቱ አንዱ ቁልፍ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ክምሩ ጣሪያ ነካ። ካቦው ጫማውን ያያል።

“ዕቃ አይደል ጋሼ፣ ይበላሻል…”

“አልተበላሸም” አልኩ። “አሁን ነው የተስተካከለው።”

አባቴ ወደኔ አልዞረም። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

“ሰኞ ክሬኑ ላይ ማንን ልታወጣ ነው?” አለው ካቦውን።

“እንጃ፣ ጋሼ።”

“ያን ቀጭኑን ልጅ አውጣው። ሲያወርድ ግን ይቸኩላል። ሰው ከሥሩ ሳይወጣ እንዳያወርድ ንገረው።”

“እሺ፣ ጋሼ።”

እሑድን ሙሉ አላናገረኝም። ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮ ስወጣ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ደነገጥኩ።

“የት ልትሄድ ነው?”

“የትም።”

አገጩን ወደ ወደቡ አነሳ። ከጣሪያዎቹ በላይ የክሬኑ አንገት ይታያል፤ ዞረ፣ ቆመ፣ ገመዱ መውረድ ጀመረ።

“ቸኮለ” አለ።

እኔ ምኑም አልታየኝም። ረፍዶብኛል፤ ግን አጠገቡ ቆምኩ።